የመንግሥት ቃል በትዊተርም ቢሆን ቃል ነው፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የመንግሥታትን የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር አያይዞ የሚመረምር አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ደረሰኝና በጥሞና አነበብኩት። የጸሐፊው አማርኛ የጠራ፣ ጥንቃቄያቸውም የሚያስመሰግን ነው። የክርክራቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ዓለም አቀፍ ሕግ በፊርማ፣ በማኅተምና በዲፕሎማቲክ ማስታወሻ የሚሠራ በመሆኑ፣ መሪዎችና ሚኒስትሮች በትዊተር፣ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚለጥፉት ቃል ለሕጉ ዕድገት አንዳች አስተዋጽኦ የለውም። ለዚህም ስድስት ምክንያቶች ያቀርባሉ። ልጥፍ ሕጋዊ ቅርጽ የለውም፤ ክብደት የሰጠው ፍርድ ቤት የለም፤ ገጹ ብዙ ጊዜ የግለሰቡ እንጂ የመንግሥቱ አይደለም፤ ለልጥፍ መልስ አለመስጠት እንደ ስምምነት ሊቆጠር አይችልም፤ ክብደት ቢሰጠው ጉልበተኞች ሕግ ጻፊ ይሆናሉ፣ እኛም በዓባይ ጉዳይ እንጎዳለን፤ በመጨረሻም የሚሰረዝ ነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልም ይላሉ።

ምላሼን በእርሳቸው ቅደም ተከተል አቀርባለሁ። በአምስተኛው ነጥብ ላይ ከፊል እውነት አላቸው፤ የቀሩት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ካልተስተካከለ ጥያቄ የመነጩ ናቸው። «ልጥፍ ሕግ ነው ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። ነገር ግን ደብዳቤም፣ ጋዜጣዊ መግለጫም፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግርም ብቻውን ሕግ አይደለም። ዓለም አቀፍ ሕግ የሚጠይቀው የተናገረው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደተናገረ፣ ራሱን ለማስገደድ አስቦ እንደሆነ፣ ሌሎቹም መንግሥታት ምን ብለው እንደመለሱ ነው። ቃሉ በብራና ላይ ይስፈር በስልክ መስታወት ላይ፣ እነዚህ ጥያቄዎች አይለወጡም። እነዚህን ጥያቄዎች ተከትለን ስንሄድ የምንደርስበት ቦታ ጸሐፊው ከፈሩትም ከናቁትም የተለየ ነው፤ የመንግሥት ልጥፍ ለሌሎች ሕግ ከመሆን ይልቅ በለጠፈው መንግሥት ላይ ማስረጃ ሆኖ የመዞር ዕድሉ እጅግ ይበልጣል። በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ልናገር።

በመጀመሪያ ስለ ቅርጽ። ጸሐፊው «ፊርማ የሌለው ቃል መንግሥትን አያስርም» ብለው ሲጽፉ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በዛሬዋ ኦስሎ የተነገረ አንድ የቃል መልስ ያስከተለውን ጣጣ የዘነጉት ይመስላል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት ዴንማርክ በመላው ግሪንላንድ ላይ ያላት ሉዓላዊነት እንዲታወቅላት ትፈልግ ነበር። መልእክተኛዋ ጉዳዩን ለኖርዌይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለኒልስ ክላውስ ኢህለን አነሡ፤ ኢህለንም ጁላይ 22 ቀን 1919 የኖርዌይ መንግሥት በጉዳዩ ላይ ችግር እንደማይፈጥር በቃላቸው መለሱ። ስምምነት አልተፈረመም፤ ማኅተምም አልተመታም። በ1931 ኖርዌይ የምሥራቅ ግሪንላንድን ክፍል የራሷ ማድረጓን ስታውጅ ጉዳዩ ሔግ ወደሚገኘው ቋሚው የዓለም አቀፍ ፍትሕ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም ኤፕሪል 5 ቀን 1933 በሰጠው ፍርድ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በሥልጣናቸው ክልል ውስጥ ላለ ጉዳይ፣ ለሌላ መንግሥት መልእክተኛ የሰጡት መልስ አገራቸውን እንደሚያስር ወሰነ። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአባቶች አባባል በሔግ ዳኞች ዘንድ የታወቀ አይመስለኝም፤ ሐሳቡ ግን ከፍርዱ ብዙም አይርቅም።

ኢህለን ቢያንስ ፊት ለፊት ተጠይቀው ነው የመለሱት ቢባል፣ ከ41 ዓመት በኋላ የመጣው ፍርድ ይህንንም ማመካኛ ያስወግዳል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ፈረንሳይ በደቡብ ፓስፊክ አየር ላይ የምታካሂደውን የኑክሌር ሙከራ ለማስቆም በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰው ነበር። ክርክሩ ገና ሳያልቅ በ1974 የፈረንሳይ ባለሥልጣናት በተከታታይ መግለጫዎች የአየር ላይ ሙከራው እንደሚያበቃ ተናገሩ፤ ከመግለጫዎቹ አንዱ የፕሬዚዳንቱ ጋዜጣዊ ጉባኤ፣ ሌላው የመከላከያ ሚኒስትሩ የቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ነበር። ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 20 ቀን 1974 በሰጠው ውሳኔ፣ በይፋና ራስን ለማስገደድ በማሰብ የተነገረ ቃል ሌላው ወገን ባይቀበለውም እንኳ እንደሚያስር፣ በቃል ወይም በጽሑፍ መሆኑም መሠረታዊ ልዩነት እንደማያመጣ አስረግጦ አስፍሯል። ልብ ይባል፤ በዘመኑ ቴሌቪዥን ለዲፕሎማሲ ባህል ዛሬ ኤክስ የሚባለውን ትዊተርን ያህል ባዕድ ባይሆን እንኳ ማስታወሻ መጻፊያ ግን አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት አካል የሆነው የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽንም በ2006 ስለ መንግሥታት የአንድ ወገን መግለጫ ባጸደቃቸው መሪ መርሆዎች ይህንኑ አጽንቷል፤ ርእሰ ብሔር፣ ርእሰ መንግሥትና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሥራቸው ምክንያት ብቻ አገራቸውን የሚያስር መግለጫ ማውጣት ይችላሉ፣ መግለጫው ለመላው ዓለም ሊነገር ይችላል፣ በዘፈቀደ ሊሻርም አይችልም።

ይህን ያህል ካልኩ በኋላ ለጸሐፊው የሚጠቅመውን ግማሽ መደበቅ ተገቢ አይሆንም። ያው ፍርድ ቤት ሁሉንም ቃል አላሰረም። የማሊው መሪ ሙሳ ትራኦሬ ኤፕሪል 11 ቀን 1975 ለፈረንሳይ ዜና አገልግሎት በሰጡት ቃል፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሽምግልና ኮሚሽን ድንበሩ በባማኮ መሐል ያልፋል ብሎ ቢወስን እንኳ መንግሥታቸው እንደሚቀበል ተናግረው ነበር። ዋና ከተማን በሁለት የሚከፍል ድንበር እቀበላለሁ የሚል ቃል ዛሬ ቢለጠፍ ስንት ሺህ ሰው እንደሚያጋራው አንባቢ ይገምት። ቡርኪና ፋሶና ማሊ በ1986 በተፋረዱ ጊዜ ግን ዳኞቹ ይህ ንግግር ማሊን አያስርም አሉ፤ ሁለቱ አገሮች ግዴታ መግባት ቢፈልጉ በመደበኛ ስምምነት ከማድረግ የሚከለክላቸው ነገር አልነበረምና ከመሪው ንግግር ውስጥ ግዴታ የመግባት ሐሳብ ማንበብ ተገቢ አይደለም የሚል ነበር ምክንያታቸው። በ2006 የተወሰነው የኮንጎና የሩዋንዳ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የሩዋንዳ የፍትሕ ሚኒስትር በሰብአዊ መብት ኮሚሽን ስብሰባ ያደረጉት ንግግር አገራቸውን ለማሰር በቂ ግልጽነት የለውም ተባለ፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሌላ ያሉ ሚኒስትሮችም በየዘርፋቸው አገራቸውን ሊያስሩ እንደሚችሉ በዚያው አጋጣሚ ተናግሯል። ከእነዚህ ፍርዶች አንዱም በመድረኩ ዓይነት ላይ አልቆመም። ያልታሰሩት አገሮች ያልታሰሩት ቃላቸው ግልጽና ቁርጥ ያለ ስላልነበረ ነው። አብዛኛው ልጥፍ በዚህ መመዘኛ እንደሚወድቅ አምናለሁ፤ የሚወድቀው ግን ልጥፍ ስለሆነ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ክብደት የሰጠው ፍርድ ቤት የለም የሚለው፣ ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1948ቱ የዘር ማጥፋት ወንጀል መከላከያ ስምምነት መሠረት እስራኤልን በከሰሰችበት ጉዳይ፣ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ጃኑዋሪ 26 ቀን 2024 የሰጠው የጊዜያዊ እርምጃ ትእዛዝ የሦስት ከፍተኛ የእስራኤል ባለሥልጣናትን ቃል እየጠቀሰ አስፍሯል። ከሦስቱ አንዱ የያኔው የኢነርጂና የመሠረተ ልማት ሚኒስትር እስራኤል ካትዝ ኦክቶበር 13 ቀን 2023 የጻፉት ሲሆን፣ የጋዛ ሲቪሎች በሙሉ አካባቢውን እንዲለቁ መታዘዛቸውንና ጠብታ ውኃም እንደማያገኙ የሚገልጽ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ቃሉ የተነገረው በኤክስ፣ በቀድሞ ስሙ በትዊተር መሆኑን ምንም ሳያንገራግር ጽፏል። በእርግጥ ትእዛዙ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ የዘር ማጥፋት ተፈጽሟል ወይም አልተፈጸመም የሚል ውሳኔም አልሰጠም። ይህን የማነሣው ለክርክራችን የሚጠቅመው ሌላ ነገር ስላለ ነው። የእስራኤል ጠበቆች በችሎቱ ሲከራከሩ ከየቦታው የተለቃቀሙ ጥቅሶች ከመንግሥቱ ፖሊሲ ጋር አይገጥሙም፣ መታየት ያለበትም የጦር ካቢኔው ውሳኔ ነው አሉ። በልዩነት ድምፅ የሰጡት ኡጋንዳዊቷ ዳኛ ጁሊያ ሴቡቲንዴም ንግግሮቹ ከነአውዳቸው ሲነበቡ በአብዛኛው ሐማስን የሚመለከቱ ናቸው ብለው ተከራከሩ። የክርክሩ መሬት ማን ፖሊሲ ያወጣል፣ ቃሉስ ምን ማለት ነው የሚል ነበር። ሁለቱም ወገን ቃሉን በቁም ነገር መዝኖታል።

የዚህ አሠራር መሠረትም አዲስ አይደለም። ፍርድ ቤቱ በ1986 በኒካራጓና በአሜሪካ ጉዳይ፣ ከፍተኛ ባለሥልጣን የገዛ መንግሥቱን የሚጎዳ እውነታ ሲያምን ቃሉ የተለየ የማስረጃ ክብደት እንዳለው ወስኗል። ልጥፍን ከዚህ መርሕ ጋር አስተያይተን ስናየው አደጋው የት እንዳለ ይገባናል። የዲፕሎማቲክ ማስታወሻ በሕግ ክፍል ታይቶ፣ ተለዝቦ፣ እያንዳንዱ ቃሉ ተመዝኖ ይወጣል፤ ልጥፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሌሊት፣ በንዴት ወይም በድል ስሜት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ ያመለጠን ቃል ማግሥቱን በወጣ ማብራሪያ ማሸት ከባድ ነው። በወንጀል ሕግ በኩልም ምሳሌ አለ፤ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በኦገስት 2017 በሊቢያዊው የጦር አዛዥ በማሕሙድ አል ወርፋሊ ላይ ያወጣው የእስር ማዘዣ 33 ሰዎች የተገደሉባቸውን ሰባት ክስተቶች የሚመለከት ሲሆን፣ ከማስረጃዎቹ ዋነኞቹ በማኅበራዊ ሚዲያ የተሰራጩ ቪዲዮዎች ነበሩ። አዛዡ ለፍርድ ሳይቀርብ በ2021 ተገድሏል።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። ጸሐፊው መሪዎች የግል ገጻቸውንና የመሥሪያ ቤታቸውን ገጽ ስለሚቀላቅሉ ከሁለቱ የትኛው የመንግሥት ቃል እንደሆነ መለየት አይቻልም ይላሉ። ለዓለም አቀፍ ሕግ ይህ ትልቅ እንቆቅልሽ አይደለም፤ ርእሰ መንግሥት ስለ አገሩ የውጭ ግንኙነት ሲናገር የማን ጋዜጣ ላይ እንደተናገረ ተጠይቆ አያውቅም። የአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶችም መለኪያ አላጡም። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2017 ለፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የትዊተር ጽሑፎች የፕሬዚዳንቱ ይፋዊ መግለጫዎች መሆናቸውን ራሱ አምኗል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በማርች 2024፣ በአንድ የሚሺጋን ከተማ ሥራ አስኪያጅ የፌስቡክ ገጽ ላይ በተነሣ ክርክር፣ ሁለት ነገሮች እንዲታዩ ወስኗል፦ ባለሥልጣኑ በመንግሥት ስም የመናገር እውነተኛ ሥልጣን አለው ወይ፣ ሲለጥፍስ በዚያ ሥልጣን እየተጠቀመ ነበር ወይ። ይህ የአገር ውስጥ ሕግ ነው፤ ሔግን አያስርም። ነገር ግን መለየት አይቻልም ለሚለው በቂ መልስ ነው።

ወደ አራተኛው፣ ወደ ዝምታ ጉዳይ እንለፍ። ጸሐፊው በየቀኑ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ልጥፍ በሚወጣበት ዓለም አንድ መንግሥት ለሁሉም መልስ ካልሰጠ ተስማምቷል ሊባል አይችልም ብለው ይጽፋሉ። ትክክል ናቸው፤ ይህን ያለ ሕግ ግን የለም። የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2018 ስለ ልማዳዊ ሕግ፣ ማለትም ከመንግሥታት የተለመደ ተግባር ስለሚመነጭ ሕግ፣ አለያየት ባወጣቸው ድምዳሜዎች፣ በአስረኛው ላይ፣ መልስ አለመስጠት አንድ ተግባር ሕግ ነው ለሚል እምነት ማስረጃ የሚሆነው መንግሥቱ መልስ ለመስጠት በሚችልበት ሁኔታ ውስጥ ከነበረና ሁኔታውም መልስ የሚጠይቅ ከሆነ ብቻ እንደሆነ፣ ያውም በጊዜ ሂደት እንደሚታይ ደንግጓል። ታይላንድ ከካምቦዲያ ጋር በተከራከረችበት በፕሬህ ቪሄር ቤተ መቅደስ ጉዳይ በ1962 የተረታችው በፈረንሳይ መኮንኖች የተሠራ ካርታ በእጇ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ሳትቃወም በመቅረቷ ነበር። በ2008 የማሌዥያና የሲንጋፖር የደሴት ክርክር ደግሞ፣ የዛሬዋ ማሌዥያ ክፍል የሆነችው የጆሆር ተጠባባቂ ዋና ጸሐፊ በ1953 የደሴቲቱ ባለቤት ነኝ አልልም ብለው የጻፉት አጭር ደብዳቤና ከዚያ በኋላ የቀጠለው ዝምታ የክርክሩን ሚዛን ደፍቶታል። በሁለቱም ጉዳይ ዝም ያለው ወገን ነገሩን ያውቅ ነበር፤ ነገሩም የገዛ መሬቱን የሚነካ ነበር። ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት የለጠፈው ቃል እዚህ መለኪያ ላይ አይደርስም፤ የጎረቤት አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በይፋዊ ገጹ ላይ የለጠፈው ካርታ ግን ይደርሳል።

መንግሥታትም በተግባር ይህንን ልዩነት ያውቁታል። በኦገስት 2018 የካናዳ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሳዑዲ ዓረቢያ የታሰሩ የመብት ተሟጋቾች በአስቸኳይ እንዲፈቱ በትዊተር ሲጽፍ፣ ኤምባሲውም ያንኑ በዓረብኛ ሲደግመው፣ ሪያድ የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ ገብነት ነው ስትል በዚያው በትዊተር በተከታታይ መለሰች፣ የካናዳን አምባሳደር አስወጣች፣ አዳዲስ የንግድ ግንኙነቶችንም አቆመች፤ ግንኙነቱ ወደ ነበረበት የተመለሰው በሜይ 2023 ነው። በአምባሳደር መባረር የሚያልቅ ነገር የፖለቲካ ወሬ ነው ለማለት ይከብዳል። ከእኛው አገር ደግሞ የቅርቡን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰባት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠራተኞች በ72 ሰዓት ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ ማዘዙን በማኅበራዊ ገጾቹ አስታወቀ፤ የተጠቀመበትም በዲፕሎማሲ ሕግ ተቀባይነት ያጣ ሰው የሚባለውን ደንብ ነው። ድርጅቱ ደንቡ በመንግሥታት መካከል የሚሠራ እንጂ የድርጅቱን ሠራተኞች የማይመለከት ነው የሚለውን የቆየ አቋሙን በማግሥቱ አሳወቀ፣ ይህንኑም በመደበኛ ማስታወሻ ለኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት ላከ። እርምጃው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ የሕግ ባለሙያ ዓይን የሚያየው ግን ለልጥፍ የተሰጠው መልስ ማስታወሻ መሆኑን ነው። ድርጅቱ ዝም ቢል ኖሮ ዝምታው ነገ በሌላ አገር እንደሚጠቀስበት አውቆታል።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉ የከበደው ነው። ጸሐፊው ልጥፍ ክብደት ካገኘ ብዙ ተከታይ ያለውና ብዙ ጦር ያለው ሕግ ጻፊ ይሆናል ይላሉ። ስጋቱን እጋራለሁ፤ እስካሁን የታየው ግን ተቃራኒውን ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃኑዋሪ 2020 መጀመሪያ፣ ኢራናዊው ጄኔራል ቃሲም ሱለይማኒ በአሜሪካ ጥቃት በተገደሉ ማግሥት፣ አሜሪካ 52 የኢራን ዒላማዎችን እንደለየች፣ ከእነዚህም ለኢራን ባህል ትልቅ ዋጋ ያላቸው እንደሚገኙባቸው በትዊተር ጻፉ፤ ሌላ ልጥፋቸውም አሜሪካ ምናልባትም ከመጠን ባለፈ አኳኋን ልትመታ እንደምትችል፣ ይህ የሚዲያ ጽሑፍም ለአሜሪካ ምክር ቤት ማስታወቂያ ሆኖ እንደሚያገለግል የሚገልጽ ነበር። ጉልበት ሕግ የሚጽፍ ቢሆን፣ ባህላዊ ቅርስ በጦርነት ጊዜ እንዲጠበቅ የሚያዝዘው የ1954ቱ የሔግ ስምምነት በዚያች ሌሊት መሸርሸር ነበረበት። የሆነው ግን የዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር ሁለቱም አገሮች የፈረሟቸውን ስምምነቶች ማስታወሳቸው፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ማርክ ኤስፐርም ጦሩ የጦርነት ሕግን እንደሚያከብር በይፋ መናገራቸው ነው። ልጥፉ ሕጉን አልለወጠም፤ ሕጉ ምን እንደሆነ የለጠፈው መንግሥት ባለሥልጣን ራሱ እንዲናገር አስገደደው።

እስራኤል ከሶርያ የያዘቻቸው የጎላን ኮረብታዎች ጉዳይም በዚሁ መንገድ ይነበባል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የእስራኤልን ሉዓላዊነት የማወቅ ጊዜው ደርሷል ያሉት ማርች 21 ቀን 2019 በትዊተር ነበር፤ አዋጁ የተፈረመው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ልጥፉ አቋሙን በማስታወቅ ቀደመ፣ የመንግሥታቸው አቋምም ሆነ። ነገር ግን የፀጥታው ምክር ቤት እስራኤል ኮረብታዎቹን በሕጓ ሥር ማድረጓን ዋጋ ቢስ ያለበትን የ1981 ውሳኔ 497 አልሻረውም፤ የምክር ቤቱ አባላት በዚያው ወር ተሰብስበው ይህንኑ ውሳኔ ጠቅሰው ተናገሩ። ልማዳዊ ሕግ የብዙኃንን ተግባርና ያ ተግባር ሕግ ነው የሚል እምነትን ይጠይቃል፤ የአንድ ሰው ተከታዮች ቁጥር ከሁለቱ አንዱንም አይተካም። ጸሐፊው እውነት ያላቸው እዚህ ላይ ነው፦ ድምፃቸው በእንግሊዝኛ የማይሰማ፣ የሕግ ክፍላቸው በሦስትና በአራት ሰው የቆመ አገሮች መልሳቸው ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል፤ የልማዳዊ ሕግ አጥኚዎችም በቀላሉ የሚገኘውን ብቻ እያነበቡ የጥቂቶችን ተግባር የዓለም ተግባር ሊያስመስሉት ይችላሉ። ይህ በማስታወሻ ዘመንም የነበረ በሽታ ነው፤ ማኅበራዊ ሚዲያ አላመጣውም፣ አላዳነውምም።

አሁን ወደ ዓባይ። ጸሐፊው የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቶ ገዱ አንዳርጋቸው በሐምሌ 2012 ዓ.ም.፣ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ዙር ሙሌት ሲጠናቀቅ፣ ወንዙ ሐይቅ መሆኑንና ዓባይም የእኛ መሆኑን በደስታ የገለጹበትን የትዊተር ጽሑፍ ያነሣሉ። ልጥፍ ክብደት አለው ከተባለ ኢትዮጵያ በወንዙ ላይ ፍጹም ሉዓላዊነት አለኝ ብላለች ይባላል፣ ስለዚህ ለአገር ሲባል ልጥፍን ከሕግ ማስወጣት ይሻላል የሚል ነው ክርክራቸው። በቅንነት የቀረበ ስጋት ስለሆነ በቅንነት ልመልስ።

የተናገሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ናቸው፤ ስለዚህ የሥልጣን ጥያቄ አይነሣም፣ ከኢህለን ወንበር ጋር አንድ ዓይነት ወንበር ነው። ነገር ግን የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2006 ያጸደቀው ሰባተኛ መርሕ አንድ መግለጫ ግዴታ የሚፈጥረው በግልጽና በቁርጥ ቃል ሲነገር ብቻ መሆኑን፣ ጥርጣሬ ሲኖር በጠባቡ መተርጎም እንዳለበት፣ ቃሉም ከአውዱና ከሁኔታው ጋር መነበብ እንዳለበት ይደነግጋል። የደስታ መልእክት ለማንም የተሰጠ ቃል ኪዳን የለበትም፤ ከማንም የተወሰደ መብትም አይቆጥርም። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ በማርች 2015 በካርቱም የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ አለ፤ በእርሱም ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም፣ ጉልህ ጉዳት አለማድረስም በግልጽ ሰፍረዋል። ፊርማ ያረፈበትና ለዓመታት በድርድር ጠረጴዛ ላይ የተደገመ አቋም ባለበት ቦታ፣ አንድ የደስታ ልጥፍ ያንን አቋም ይገለብጣል የሚል ዳኛ መገመት ያስቸግረኛል። አሜሪካ ራሷ ከዚህ የባሰ ነገር ጽፋ ታውቃለች። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ጀድሰን ሃርመን በ1895 በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ጉዳይ የላይኛው አገር በግዛቱ ውስጥ ባለው ውኃ ላይ ያለው መብት ፍጹም ነው የሚል መደበኛ የሕግ አስተያየት ሰጡ፤ ያው መንግሥት በ1906 ከሜክሲኮ ጋር ውኃ የማካፈል ስምምነት ፈረመ። ፊርማና ማኅተም የነበረበት የሃርመን አስተያየት በልማድ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል።

የእኔ ስጋት በሌላ በኩል ነው። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው የግድብ ደስታ ቃል የሠርግ ዘፈን ያህል ነው፤ በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ ከአውዱ ተቆርጦ፣ በአባሪነት ከአንድ የአቤቱታ ደብዳቤ ጋር ሲያያዝ ግን የባለቤትነት ሰነድ ይመስላል። የትርጉምን ጣጣ ከውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የተማረ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ልጥፉን ከሕግ ውጭ ነው ማለት ደብዳቤ ጻፊውን አያግደውም፤ ሊያግደው የሚችለው በዚያው ቀን፣ በዚያው ገጽ፣ በሁለቱም ቋንቋ የካርቱሙን መርሕ የሚያስታውስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ የሚሰረዝ ነገር ማስረጃ አይሆንም የሚለው ነው። መሰረዝ ችግር መሆኑን አልክድም። ፌስቡክ የማይናማርን የጦር አዛዥ የሚን አንግ ህላይንግን ገጽ በኦገስት 2018 ሲዘጋ፣ ጋምቢያ በማይናማር ላይ ለመሠረተችው የዘር ማጥፋት ክስ የተዘጉ ገጾችን ይዘት ለማግኘት እስከ አሜሪካ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባት፤ በሴፕቴምበር 2021 ይሰጣት የሚል ትእዛዝ አገኘች፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ ዳኛ ትእዛዙን በከፊል ሻረው። ትዊተርም የትራምፕን ገጽ ጃኑዋሪ 8 ቀን 2021 ሲዘጋ፣ ስንት የሕግ ጽሑፍ የጠቀሳቸው የመንግሥት መግለጫዎች ከመጀመሪያ ቦታቸው ጠፉ። የመንግሥታት ቃል በግል ኩባንያ መጋዘን ውስጥ መቀመጡ አሳሳቢ ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤም ይቃጠላል፣ ማኅደርም ይጠፋል፤ ሕጉ ለዚህ የሰጠው መልስ ሰነድን ከማስረጃነት ማስወጣት ሳይሆን አጠባበቅን ማስተካከል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤትና በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ2020 ያስተዋወቁት የበርክሌይ ፕሮቶኮል ዲጂታል ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ እንዴት እንደሚረጋገጥና እንዴት እንደሚጠበቅ የሚደነግገው ለዚሁ ነው።

ስለ ኢህለን ያነሣሁትን አንድ ዝርዝር እዚህ ላይ ልጨምር። በ1919 የሰጡትን የቃል መልስ ኢህለን ራሳቸው በማስታወሻ አስፍረውት ነበር፤ የዴንማርኩ መልእክተኛም የሰሙትን ለመንግሥታቸው ጽፈው ልከዋል። ከ14 ዓመት በኋላ ዳኞቹ ፊት የቀረበው ያ ነው። ዛሬ አንድ የጎረቤት አገር ሚኒስትር ማታ ስለ ወንዝ፣ ስለ ወደብ ወይም ስለ ድንበር የለጠፈውን ቃል፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነመጀመሪያ ቋንቋው፣ ጠዋት ሳይሰረዝ በፊት በማኅደር የሚያስቀምጥ ሰው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶቻችን መኖሩን ጸሐፊው ቢጠይቁ ኖሮ፣ እኔም ይህን ምላሽ ለመጻፍ ብዙ ባልቸኮልኩ ነበር።